የሚታኘከው ካልሲየም «የልጆች ከረሜላ» ነውን?

ከደሴ የደረሰን ደብዳቤ

«አሰላሙ አለይኩም። በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነዋሪ ስሆን ዕድሜዬ 59 ነው። ባለፈው ክረምት ደጃፌ ላይ አዳልጦኝ ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰበረ፤ ሐኪሙም አጥንትዎ ሳስቷል ብሎ ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር በየቀኑ እንድወስድ አዘዘኝ። ጅዳ የምትኖረው ልጄ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ላከችልኝ። ክኒኑ ግን የባቄላ ፍሬ ያህላል፤ አንድ ቀን ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ አለቀልኝ ብዬ ነበርና ከዚያ ወዲህ ገና ሳየው ያስፈራኛል። ለጥቂት ቀናት በሙቀጫ እየወቀጥሁ በማር ላስኩት። ይህን ስነግራት ልጄ የሚታኘክ ዓይነት ላከችልኝ፤ ጣዕሙም ደስ ይላል፣ ወደድኩት። ጎረቤቴ ግን ‹ይኼ የልጆች ከረሜላ ነው፤ መድኃኒት ካልመረረና ካልተዋጠ አይሠራም› ትለኛለች። እኔ ማኘኩ ስለተመቸኝ የግፊቴንም ክኒን ማኘክ ጀምሬአለሁ። ለጨጓራዬም ኦሜፕራዞል ከወሰድሁ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል። ነፍሰ ጡሯ ምራቴ ከጤና ጣቢያ የተሰጣት የአይረን ክኒን ያቅለሸልሻታልና እሷስ ብታኘከው ምን ይመስልዎታል? ልጄ ደግሞ ጄላቲን ያለበት ዓይነትም አለ ብላኛለች፤ ሐላል መሆኑን በምን ልወቅ?»

መልስ

የተከበሩ እናታችን፣ ወአለይኩም ሰላም። የጎረቤትዎን ሙግት ከመንካቴ በፊት፣ በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ጣል አድርገውት ስላለፉት ስለ ግፊት ክኒንዎ መናገር ግድ ይለኛል። የክኒኑን ስም አልጻፉልኝም፤ ስለዚህ ከሚቀጥለው ክኒን ጀምሮ ማኘክዎን ይተዉና ማሸጊያውን ይዘው መድኃኒቱን ወደገዙበት መድኃኒት ቤት ይሂዱ። አንዳንዱ የደም ግፊት ክኒን፣ ለምሳሌ ተራው አምሎዲፒን፣ ቢደቅም ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያመጣም። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ኒፌዲፒን ግን ‹ሪታርድ› የሚል ጽሑፍ ካለበት መድኃኒቱን ለረጅም ሰዓታት ጥቂት በጥቂት እንዲለቅ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሲታኘክ ለነዚያ ሰዓታት ሁሉ የታሰበው መጠን ባንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባና ግፊቱን በድንገት ያወርደዋል። እንዲህ በድንገት የሚወርድ ግፊት ሰውን አዙሮ ይጥላል፤ አጥንትዎ ሳስቶ፣ እጅዎም በመውደቅ ተሰብሮ ሳለ ሁለተኛ ውድቀት የሚያመጣብዎትን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ መከላከል ያስፈልጋል። ማኘክዎን ይተዉ ማለቴ ግን ክኒኑን ይተዉ ማለቴ እንዳልሆነ ይያዙልኝ፤ የግፊት መድኃኒትን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ኦሜፕራዞሉም እንዲሁ አይታኘክም፤ በካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ፍሬዎች የጨጓራ አሲድ እንዳያበላሻቸው የተለበጡ ናቸውና ልባሳቸው በጥርስ ከተሰበረ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጀምር ይጠፋል።

ወደ ጎረቤትዎ ልመለስና፣ በዚህ ጉዳይ እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነው። የሚዋጥ ክኒን ተውጦ ጨጓራ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚሆነው ነገር መፈረካከስ ነው፤ ፈርሶና ተሟሙቶ ካላበቃ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፍ ነገር የለውም። የሚታኘከው ክኒን ይህን የመፈረካከስ ሥራ በጥርስ አስቀድሞ ይጨርሰዋል እንጂ ከውስጡ ካለው ካልሲየም አንዲት ቅንጣት አያጎድልም። ጣዕሙ መጣፈጡም ለአፍ ተብሎ የተጨመረ ነው፤ የካልሲየሙን መጠን አይነካም። መራራነት የመድኃኒት ጉልበት ምልክት ነው የሚለው እምነት በቤታችን ከኮሶ ዘመን ጀምሮ የቆየ ስለሆነ ጎረቤትዎን አልወቅሳቸውም፤ ይሁን እንጂ ከመደርደሪያ ላይ ሆኖ የሚያስፈራ ክኒን አጥንትን አያጠነክርም፣ በየቀኑ ሳይጎድል የሚታኘክ ግን ያጠነክራል። በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል ከማያቸው ሰዎች መካከል ክኒኑ ስለገዘፈባቸው ብቻ መውሰዱን ትተው ለሐኪሙ ‹እየወሰድሁ ነው› የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም፤ ሐኪሙም ለውጥ ሲያጣ መጠኑን ይጨምራል። እርስዎ በግልጽ መጻፍዎ ከዚህ አድኖዎታል።

ካልሲየም ለምን እንዲህ ግዙፍ ሆኖ እንደሚመጣ ቢያውቁ ለመምረጥም ይጠቅምዎታል። ካልሲየም ብቻውን ክኒን ሆኖ አይሠራም፤ ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ ነው የሚቀርበው። በብዛት የሚገኘው ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ ከክብደቱ ካልሲየም የሚሆነው 40 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ 500 ሚሊግራም ካልሲየም ለማግኘት 1,250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል፤ ማያያዣውና ሽፋኑ ሲጨመርበት ለጉሮሮ የሚከብድ ክኒን ይወጣል። ቫይታሚን ዲ ግን በዕድሜዎ በቀን የሚመከረው 15 ማይክሮግራም ወይም 600 ዩኒት ያህል ነውና ከካልሲየሙ ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ ያነሰ በመሆኑ ብቻውን ቢሆን በጣም ትንሽ በሆነ ክኒን ይጠቃለላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ፋብሪካዎች ቀድሞ በሌላ ፋብሪካ ለተሠራ መድኃኒት አቻ (ጄኔሪክ) ሲሠሩ ክኒኑ ከ22 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ አሳስቧል፤ ይኸው ምክር ግን ለመድኃኒት እንጂ እንደ እርስዎ ካልሲየም በማሟያነት ለሚሸጠው የተጻፈ አይደለም። ጉሮሮዎ ያማረረው ያለ ምክንያት አይደለም ማለቴ ነው።

አሁን ሁለቱንም ብልቃጦች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ማንበብ የሚችል የቤተሰብ አባል አጠገብዎ ይቀመጥና የጀርባ ጽሑፋቸውን ያመሳክሩ። በመጀመሪያ የሚታየው ‹ካልሲየም› ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቁጥር ነው። አንዱ ብልቃጥ 1,250 ሲል ሌላው 500 ቢል፣ የመጀመሪያው የካርቦኔቱን ክብደት፣ ሁለተኛው የካልሲየሙን ብቻ ጽፎ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱ እኩል ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት የሚታኘከውን ደካማ ነው ብሎ የፈረደ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ቀጥሎ፣ የተጻፈው መጠን የስንት ክኒን እንደሆነ መታየት አለበት፤ አንዳንዱ ፋብሪካ መጠኑን የሚጽፈው ሁለት ክኒን አንድ ላይ ሲወሰድ በሚል ስለሆነ፣ አንድ ብቻ የሚያኝክ ሰው ያሰበውን ግማሽ ይወስዳል። የማብቂያ ጊዜውንም ይመልከቱ፤ በብልቃጡ ላይ የታተመው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ረስቶ በእኛ ቁጥር የሚያነብ ሰው፣ ጊዜው ያለፈበትን ክኒን ገና ሰባትና ስምንት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል።

የእርስዎ ጉዳይ ከብዙ ሰው የሚለየው በኦሜፕራዞሉ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳዎት። ካልሲየም ካርቦኔት ተሟሙቶ ወደ ሰውነት እንዲገባ የጨጓራ አሲድ ያስፈልገዋል፤ ከምግብ ጋር ውሰዱት የሚባለውም ጨጓራ አሲዱን የሚያፈልቀው ምግብ ሲገባለት ስለሆነ ነው። ኦሜፕራዞል ደግሞ ሥራው ይህንኑ አሲድ መቀነስ ነው። እንግዲህ ሁለቱን በየቀኑ የሚወስድ ሰው፣ ክኒኑን ቢያኝከውም ቢውጠውም፣ ከካርቦኔቱ የሚያገኘው ካልሲየም ሊያንስ ይችላል፤ ጎረቤትዎ ‹አይሠራም› ሲሉ ያላሰቡት ትክክለኛው ጥርጣሬ ይህ ነው፣ ጥፋቱ ግን የማኘኩ አይደለም። ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ዓይነት አሲድ ብዙም ስለማይፈልግ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ለጨጓራ መድኃኒት ተጠቃሚዎች የሚመረጠውም እሱ ነው። ጉድለቱ ከክብደቱ ካልሲየም የሚሆነው 21 በመቶው ብቻ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የሚዋጠው ሲትሬት ከካርቦኔቱም ሊገዝፍ፣ ወይም በቁጥር ሊበዛ ይችላል። በሚታኘክ ወይም በዱቄት መልክ የተሠራ ሲትሬት ለእርስዎ የሚሻለው ለዚህ ነው። ሌላው ጉዳይ፣ ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ መውሰድ በራሱ ከአጥንት ስብራት ጋር መጠነኛ ዝምድና እንዳለው የታወቀ በመሆኑ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ለሐኪሙ ‹ይህን መድኃኒት ዛሬም ያስፈልገኛልን?› ብለው ይጠይቁ። በራስዎ ግን አያቋርጡት፤ ሐኪሙ የጀመረበት ምክንያት ዛሬም ሊኖር ይችላል።

ስለ መጠኑ ብዙ አልልም። በአሜሪካና በካናዳ በሚሠራበት መመሪያ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት በቀን የሚመከረው 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ሲሆን፣ ከ2,000 ሚሊግራም ማለፍ አይፈቀድም፤ ይህ ግን ከምግብ የሚገኘውን ጨምሮ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል፤ የምንበላው ጤፍም ከብዙዎቹ እህሎች ይልቅ በካልሲየም የበለፀገ ነው፣ ጎመንና ሰሊጥም ያግዛሉ። ወተት የሚጠጣ ሰው ስለዚህ የጎደለውን ብቻ በክኒን ይሞላል። ሰውነት ደግሞ ባንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ ሲሰጠው በደንብ አይቀበልም፤ ሐኪምዎ ከዚያ በላይ አዝዘው ከሆነ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ጧት ሌላውን ማታ ይውሰዱት፤ በረመዳን ወር አንዱን በኢፍጣር፣ ሌላውን በሱሁር ማድረግ ይቻላል። የኩላሊት ጠጠር ይዞዎት የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም የግፊት መድኃኒትዎ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ፣ ካልሲየሙን ከመቀጠልዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ይህ የሽንት መድኃኒት ካልሲየም በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል።

ፋርማሲ ሄደው ‹መዋጥ አቃተኝ› ቢሉ፣ በቱቦ የሚሸጠውንና ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላውን ክኒን ሊያቀርቡልዎ ይችላሉ። ለመጠጣት ምቹ መሆኑን አልክድም፤ ለግፊት ታማሚ ግን በየቀኑ አልመክረውም። ያንን መፍላት ከሚፈጥሩት ነገሮች አንዱ ሶዲየም ባይካርቦኔት ሲሆን፣ አንዳንዱ ክኒን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ሶዲየም ይይዛል። ሐኪምዎ ጨው ቀንሱ ብለው ከወጥዎ ላይ ያስቀነሱትን በብርጭቆ መልሶ መጠጣት ይሆናል።

ልጅዎ ‹ጄላቲን ያለበት› ያለችው ለስላሳውን፣ ሲይዙት የሚለጠጠውን ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። እርሱና ተጨፍልቆ የተሠራው የሚታኘክ ክኒን አንድ አይደሉም፤ የጎረቤትዎ ‹ከረሜላ› የሚለው ስም በሚለጠጠው ላይ ቢወድቅ ብዙም አልከራከራቸውም ነበር። በውስጡ ስኳር አለ፣ በጥርስ መካከል ይጣበቃል፣ የሚይዘው ካልሲየምም ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ስለሆነ የታዘዘውን ለመሙላት ብዙ ፍሬ መብላት ይጠይቃል። ከጅዳ በሻንጣ ተጭኖ በሙቀት ሲመጣ እየቀለጠ አንዱ ባንዱ ላይ ይጣበቃል፤ ደሴ ቅዝቃዜው ቢያድነውም ኮምቦልቻ ለሚቀመጥ ሰው ቤት ውስጥም ይኸው ያጋጥማል፣ ያን ጊዜ አንድ ፍሬ የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ጄላቲን የሚሠራው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ሲሆን፣ ምንጩ ከብትም፣ አሳማም፣ ዓሣም ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ‹የከብት› ወይም ‹ሐላል› ብሎ ካልገለጸ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም፤ ከሳዑዲ ቢላክም ልጅዎ በኢንተርኔት ከሌላ አገር ያዘዘችው ሊሆን ይችላልና ትጠየቅ። በጄላቲን ፈንታ ፔክቲን ከሚባል የፍራፍሬ ውጤት የተሠራም አለ። ተጨፍልቀው የተሠሩት ክኒኖች ብዙውን ጊዜ ጄላቲን ባይኖራቸውም የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር ማንበቡ አይጎዳም። የሃይማኖቱን ፍርድ ግን ለመስጊድዎ ዓሊሞች እተዋለሁ። ጾም ለሚይዙ ክርስቲያን አንባቢዎቻችንም ይኸው የጄላቲን ነገር ይመለከታቸዋል፤ ቫይታሚን ዲ 3 የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ፀጉር ቅባት እንደሚዘጋጅ ቢያውቁ መልካም ነው።

የሚታኘከው ክኒን የራሱ ጥንቃቄ አለው። በደንብ ሳይደቅ በግማሹ የተዋጠ ክኒን ከትልቁ ባልተለየ ሁኔታ ሊያንቅ ይችላልና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለዎት ወይም መንጋጋዎ ከጎደለ እስኪልም ድረስ ታግሰው ያኝኩት፤ ከዚያም ውሃ ይጠጡበት፣ አፍዎንም ይጉመጥመጡ። የስኳር በሽታ ያለበት የቤት ሰው ከዚሁ ብልቃጥ የሚካፈል ከሆነ ስኳር አልባ መሆኑ ይታይ፤ በስኳር ፈንታ የሚገባው ሶርቢቶል ወይም ማኒቶል ደግሞ ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያመጣል። የሚታኘክ ቫይታሚን ሲ የሚወስዱ ሰዎችን በተለይ ላሳስብ፤ አሲድ ስለሆነ የጥርስን ገለፈት ይበላልና ከማኘክ በኋላ በውሃ መጉመጥመጥ፣ ጥርስን ለመቦረሽ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ያስፈልጋል።

ስለ ሙቀጫው ደግሞ ይህን ልበል። ተራ የካልሲየም ካርቦኔት ክኒን ቢፈጭ መርዝ አይሆንም፤ ያደረጉት ነገር አያስደነግጥም። ችግሩ ከዱቄቱ የተወሰነው ሙቀጫው ላይ ተጣብቆ መቅረቱ፣ በሙቀጫው የሚወቀጠው በርበሬና ነጭ ሽንኩርት መቀላቀሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን አንዱ ክኒን ከተፈጨ ሌላውም ይፈጫል የሚል ልማድ ማስከተሉ ነው፤ የግፊት ክኒንዎ የደረሰበትም ይኸው ነው። ስማቸው ላይ ‹ሪታርድ›፣ ‹ኤስ አር›፣ ‹ኤክስ አር› ወይም ‹ኤክስ ኤል› የሚል የተጨመረባቸው፣ እንዲሁም ጨጓራን አልፈው አንጀት ሲደርሱ ብቻ እንዲሟሙ የተለበጡ ክኒኖች አይፈጩም፣ አይታኘኩም፣ አይሰበሩም። መሐላቸው ላይ መስመር የተሰመረባቸው ግን ብዙውን ጊዜ ለሁለት እንዲከፈሉ የታሰቡ ናቸው። ለየትኛውም ቢሆን ፋርማሲስቱን ‹ይህ ይታኘካልን?› ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም።

አንዳንድ መድኃኒት የሚታኘክ ዓይነት ስለሌለው፣ የመዋጡንም ነገር ጨርሶ መተው አይቻልም። በአገራችን ሰው ክኒን ሲውጥ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ወደ ሰማይ ቀና ይላል፤ ይህ ጉሮሮን እንዲወጠር ያደርገዋል እንጂ አያግዘውም። በጀርመን አገር የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ዘዴዎች መዋጥን እንደሚያቀልሉ አሳይተዋል። ለክኒን፣ ክኒኑን ምላስ ላይ አስቀምጦ፣ ሲጨመቅ በሚታጠፍ የፕላስቲክ ውሃ መያዣ አፍ ላይ ከንፈርን ግጥም አድርጎ፣ አየር ሳያስገቡ ውሃውን እየመጠጡ መዋጥ ነው። ለካፕሱል ደግሞ ካፕሱሉ ቀላል ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋልና፣ ውሃውን አፍ ውስጥ ይዞ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ ነው። በሁለቱም ጊዜ አፍን አስቀድሞ በውሃ ማራስ፣ ተቀምጦ ወይም ቆሞ መዋጥ፣ በቂ ውሃ መጠጣትና ወዲያው አለመተኛት ያስፈልጋል። ስትሮክ መትቶት የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ግን ይህን በቤቱ አይሞክር።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ጉሮሮዎ የሚያስቸግርዎ በክኒን ብቻ ነው ወይስ በእንጀራና በሥጋም ጭምር? ምግብ ደረትዎ ላይ የሚቆም፣ ሲውጡ የሚያምዎ፣ ያለ ምክንያት የሚከሱ፣ ትን የሚልዎ ወይም አንገትዎ ላይ የእንቅርት እብጠት ያለብዎ ከሆነ ጉዳዩ የክኒን መጠን ስላልሆነ ሳይዘገዩ ሐኪም ይዩ፤ ለዚህ ማኘክ መፍትሔ አይሆንም፣ እንዲያውም በሽታውን ይሸፍነዋል። እንዲህ ያለ ችግር ባይኖርብዎትም ክኒን ተሰንቅሮብዎ እንደነበር ለሐኪምዎ ማስታወስ አለብዎ። አጥንት ለሳሳበት ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታዘዝ አሌንድሮኔት የሚባል መድኃኒት አለ፤ እርሱ የምግብ ቧንቧ ላይ ከቆመ ያቆስላል። ጧት በባዶ ሆድ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ተውጦ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቆየት ግዴታ ነው፣ ከካልሲየሙም ጋር አብሮ አይወሰድም፣ ጨርሶም አይታኘክም። ሐኪሙ ይህን ወይም ሌላ መድኃኒት ለመምረጥ የጉሮሮዎን ታሪክ ማወቅ ይኖርበታል።

ወደ ምራትዎ ስመጣ መልሴ አታኝከው ነው። ለነፍሰ ጡሮች በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒን፣ ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ፣ ከእርስዎ ካልሲየም ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው፤ ሲታኘክ ጣዕሙ የብረት ስለሆነ ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል፣ ጥርስንም ያጠቁራል፣ አፍንና ጉሮሮንም ያቆጣል። የሚለጠጠውን ከረሜላ መሰል ቫይታሚን በምትኩ እንዳትገዛም ይንገሯት፤ አብዛኛው አይረን የለውም። ማታ ከመተኛቷ ጥቂት ቀደም ብላ፣ ወይም ቁርስ ቀምሳ ብትወስደው ማቅለሽለሹ ይቀልላታል፤ በባዶ ሆድ የሚገባውን ያህል ባይገባም ከመተው ይሻላል። እኛ አገር የሚረሳው ቡናው ነው፤ አቦል ላይ ተቀምጣ ክኒኗን በቡና ብትውጥ፣ ቡናውም ሻዩም አይረኑን ይዘው ያስቀሩታልና ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቁ፤ በብርቱካን ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ብትወስደው ግን ያግዛታል። የእርስዎን ካልሲየም የምትካፈል ከሆነም ከአይረኗ ሁለት ሰዓት ያህል ይለያዩት፤ አብረው ሲገቡ ካልሲየሙ አይረኑን ያደናቅፈዋል። ዓይነ ምድሯ ቢጠቁር ከአይረኑ ነው፣ አትደንግጥ። ይህን ሁሉ አድርጋም ማቅለሽለሹ ካልለቀቃት ለአዋላጅ ነርሷ ትንገርና ሌላ ዓይነት ይፈለግላት። የልጅ ልጆች በቤቱ ካሉ የአይረኑን ክኒን ከፍ ካለና ከተቆለፈ ቦታ አኑሩት፤ ጥቂት ፍሬ አይረን ሕፃንን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። የእርስዎንም ጣፋጭ ብልቃጥ በልጆቹ ፊት ‹ከረሜላ› ብላችሁ አትጥሩት።

ለልጅዎ መልእክት ሲልኩ የሚታኘክ ካልሲየም ሲትሬት ከቫይታሚን ዲ ጋር፣ በአንድ ክኒን ከ500 ሚሊግራም ያልበለጠ ካልሲየም የያዘ፣ ጄላቲን የሌለበትና የማብቂያ ጊዜው ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን ብለው ይጻፉላት፤ የብልቃጡን ጀርባ ፎቶግራፍ አስቀድማ ብትልክልዎም በደሴ ያለው ፋርማሲስትዎ ከመግዛቷ በፊት ሊያየው ይችላል። በእጅዎ ያለው የሚታኘከው ካርቦኔት ሆኖ ከተገኘ እስኪያልቅ ድረስ ምሳ ወይም እራት በልተው ወዲያው ያኝኩት። የመጀመሪያውን ትልቁን ብልቃጥ ግን ‹ለእኔ ከበደኝ፣ አንቺ ዋጪው› ብለው ለጎረቤትዎ እንዳይሰጡ፤ እሳቸውም የኩላሊት ጠጠር ወይም የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ሊኖር ስለሚችል ከግፊት ክኒንዎና ከኦሜፕራዞልዎ ጋር በአንድ ፌስታል ይዘውት ወደ መድኃኒት ቤቱ ይሂዱ።